ውዳሴ ፎርማት

በእኛ በቆቦ ኮምፒውተር ሲታመም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ፎርማት። ቢንቀራፈፍ ፎርማት፣ ድምፅ ቢያጣ ፎርማት፣ ፕሪንተሩን አላውቀውም ቢል ፎርማት። ጠጋኙ ማሽኑን እንኳ ሳይከፍት ፊትህን ብቻ አይቶ «ሲ ድራይቭ ላይ ያለህን ወደ ዲ አዛውር» ይልሃል።

እኔ ደግሞ ክፉ አመል አለብኝ። ሊኑክስ ወይም ፍሪቢኤስዲ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንደ ሰው በፍላሽ ከመጫን ይልቅ ከምንጭ ኮዱ ራሴ ልገንባው እላለሁ። ግንባታ ይሰናከላል። ሲሰናከል አዋቂ የተባለ ሁሉ ምክሩ ያው ነው፦ «ሁሉንም አጥፋና እንደ አዲስ ጀምር!»

ምን ያለ ረቂቅ ጥበብ ነው! ማሽኑ የት ጋ እንዳመመው ሺህ መስመር ጽፎ ቢናገርም፣ የበሽተኛ ቃል ምን ይታመናል? የሚነበበው የመጨረሻው መስመር ብቻ ነው፤ «ኤረር 2»። እሱ የሚለው ደግሞ «ከሥሬ ያለው ሥራ ወድቋል» ብቻ ነው። ለምን እንደወደቀ የተጻፈው ከላይ፣ አንዳንዴ ብዙ ገጽ ርቆ፣ የመጀመሪያው ስህተት ላይ ነው። ሽቅብ መውጣት ግን ለእኛ ለቆላ ሰዎች ይከብዳል።

ይህ ጥበብ ኮምፒውተር ቤት ታጥሮ መቅረቱ ይቆጨኛል። ወደ እኛው ወደ ራያ ማሳ ይውረድ እንጂ! ከምዕራቡ ተራራ ወደ ሜዳችን የሚወርደው ጎርፍ በቦይ ተጠልፎ ማሽላ ያጠጣል። ዘንድሮ ውኃው ማሳው ሳይደርስ ቀረ እንበል። ኋላ ቀሩ ገበሬ ቦዩን ተከትሎ ይወጣል፤ መጥለፊያው አፍ ላይ ደለል ያገኛል፤ ይጠርገዋል፤ ውኃው ይመጣል። ጊዜ ማባከን! የእኛ ባለሙያ ቢሆን ከመኪናው ሳይወርድ «አባባ፣ ማሳው ፎርማት ይፈልጋል» ባለ ነበር። ማሽላው ይታጨዳል፣ ቦዩ ይደፈናል፣ ወሰኑ ይታረሳል።

«ከብቶቹን ወደ ዲ ያዛውሩ።»

«ዲ የት ነው ልጄ?»

«ዞብል ተራራ ነዋ!»

«በጉድጓድ ያለው እህሌስ?»

«እሱ ሲ ላይ ነው፤ ይጠፋል። ባክአፕ አልያዙም?»

ሜዳው ከተላገ በኋላ አዲስ ቦይ ይቆፈራል፤ በዚያው መስመር፣ በዚያው ስፋት፣ አፉ ላይ ያው ደለል እንደተጋደመ። ውኃ የለም። «የፊተኛው ፎርማት በደንብ አልያዘም፤ ይደገም።» በሦስተኛው ዙር ገበሬው ራሱ ይጠረጠራል፤ ቫይረሱን ያስገባው እሱ ቢሆንስ? እሱም እንደ አዲስ ይጫን። ስም ይውጣለት፤ ሽማግሌ ልኮ የገዛ ሚስቱን ይጠይቅ፤ እሷም ብልህ ከሆነች እምቢ ትበል። ማሳው አሁንም ደረቅ ነው፤ ግን እንዴት ንጹሕ ነው!

ጤና ጣቢያውም ይሞክረው፤ ራስ ምታት በአዲስ ራስ ይድናል። ፍርድ ቤቱም ከመዝገብ ክምር ይገላገላል።

ኧረ በቃ! ይህ ጥገና አይደለም፤ ስንፍና ነው። አንዳንዴ ይፈውሳል፣ አልክድም፤ ምን እንደፈወሰ ግን የፈወሰውም አያውቅም፤ ስለዚህ በሽታው ሲመለስ ሂሳብ ይከፈላል እንጂ ትምህርት አይገኝም።

ለምሳሌ፣ መብራት ሲጠፋ የዴስክቶፕን ሰዓት የምታቆየው ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ሲአር 2032 የምትባል ትንሽ ባትሪ ናት። እሷ ስትሞት፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ማሽኑ ዓመታት ወደ ኋላ ተመልሶ ይነሳል። ብሮውዘሩ ድረ ገጾችን አላምንም ይላል። «ሜክ» የተባለው የግንባታ መሣሪያ ደግሞ የትኛው ፋይል እንደገና ይሠራ የሚለውን የሚለየው በፋይሎቹ ቀን ነው። ዛሬ ያረምኸው ኮድ የጥንት ቀን ይለብስና፣ ሜክ ከትናንቱ ውጤት የቆየ መስሎት ያልፈዋል። «ክሎክ ስኪው» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ማን ሰምቶት! ፎርማት የሞተ ባትሪ ያስነሳል?

ግንባታው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ኮዱን ወይም አዘገጃጀትህን ጠርጥር። ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ከቆመ፣ በተለይ «ሲግናል 11» ካለ፣ ራሙን ወይም ሙቀቱን ጠርጥር፤ የራያን አቧራ የጠጣ ፋን የቆቦን ቀትር አይችልም። «ኪልድ» ካለ ብዙውን ጊዜ ራም አልቆ ነው። ስምንት ሥራ ባንዴ ማስሮጡን ትተህ አንድ በአንድ አስኪደው፤ ያን ጊዜ የስህተቱ ጽሑፍም ሳይደባለቅ ይታይሃል። ከፍሪቢኤስዲ ምንጭ ኮድ ጋር «አፕዴቲንግ» የሚባል ፋይል ይመጣል፤ ምን እንደተለወጠ፣ ምን መቅደም እንዳለበት እዚያ ተጽፏል። አንባቢ ያጣ ጽሑፍ ቢኖር እሱ ነው።

አንተ ግን፣ የመመረቂያ ጽሑፍህ ያለበትን ማሽን ለማንም ከማስረከብህ በፊት «የመጀመሪያው ስህተት ምን ይላል?» ብለህ ጠይቅ። ካላነበበልህ ኮምፒውተርህን አንሥተህ ውጣ።