ማዳም የሌላት ጎብኚ

ቤይሩት ውስጥ አንዲት ሐበሻ ብቻዋን ስትዝናና ከታየች የሆነ ነገር ጠፍቶባታል ማለት ነው። ወይ አሠሪዋ ማዳም ቀድማታለች፣ ወይ ልጆቹ ወደ ኋላ ቀርተዋል፣ ወይ ውሻው አምልጧል። «ልጎበኝ ነው የወጣሁት» ስል እስካሁን ያመነኝ ሰው የለም።

እሁድ የዕረፍት ቀኔ ነው። ጓደኞቼ ከቅዳሴ መልስ ዶራ ተሰብስበው ቡና ያፈላሉ፤ የሳምንቱን የማዳሞች ጉድ ያወራሉ። እኔም ወሬውን ስለምወደው ብዙ ጊዜ አልቀርም። የዚያን እሁድ ግን ከምሠራበት ከጀማይዜ ሰፈር ተነሥቼ ጄይታ ዋሻ ለመሄድ ቆረጥኩ። ለብቻዬ።

በሚኒባስ ወደ ሰሜን ተጉዤ ናህር አል ከልብ ወንዝ ባሕር የሚገባበት ቦታ ወረድኩ። እዚያ ገደሉ ላይ በዚያ ያለፈ ጦረኛ ሁሉ ገድሉን አስቀርጿል። ከፈርዖኑ ዳግማዊ ራምሴስ ጀምሮ፣ የጄኔራል ጉሮ ጦር እ.ኤ.አ. በ1920 ደማስቆ መግባቱን እስከሚያወሳው የፈረንሳይ ጽሑፍ ድረስ አለ። ከጉሮ ጋር እንኳ እንተዋወቃለን። የጀማይዜ ዋና መንገድ የሚጠራው በስሙ ነው፤ የመንገዱን አቧራ በየጠዋቱ ከበረንዳ የምጠርገው ደግሞ እኔ ነኝ።

ከወንዙ ወደ ዋሻው ታክሲ ያዝኩ። ሾፌሩ በመስታወቱ የኋላውን ወንበር ደጋግሞ ቃኘ፤ ከእኔ ጀርባ ሌላ ሰው የተደበቀ መስሎታል።

«ማዳም የት አለች?»

«እቤት።»

«አሟት ነው?»

«ኧረ ደህና ናት። ብቻዋን መውጣት ስለምትፈራ ነው።»

እስክንደርስ ድረስ ሌላ አልጠየቀኝም።

ጄይታ ከቤይሩት 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አንዱ ካንዱ በላይ የሆኑ ሁለት ዋሻዎች ናቸው፤ ርዝመታቸው በድምሩ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ታችኛውን እ.ኤ.አ. በ1836 ያገኘው ዊልያም ቶምሰን የተባለ አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ ነው ይባላል። ትንሽ ገባ ብሎ ጠመንጃውን ቢተኩስ ማሚቶው እየተንከባለለ ተመለሰለት፤ በዚያ የዋሻውን ትልቅነት አወቀ። ሰው አገር ገብቶ መተኮስ ለእሱ ምርምር ሆነለት። እኔ ብሆን ማሚቶው እስከ ኤርፖርት በሸኘኝ ነበር።

ፎቶ ማንሣት ክልክል ስለነበር ስልኬን ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ገባሁ። ይህ ለእኛ ቀላል መሥዋዕትነት አይደለም፤ ፎቶ የሌለው እሁድ እንዳልዋለ ነው የሚቆጠረው። የላይኛው ዋሻ በእግር ነው የሚታየው። ድንጋዩ ከጣሪያው እንደ ጧፍ ሰም እየተንጠባጠበ ወርዷል፤ ከሁሉ ረጅሙ 8.2 ሜትር ነው። አንዱ ጫፍ ላይ ጠብታ ተንጠልጥላ አየሁና እስክትወድቅ ልጠብቃት ቆምኩ። እሷ እቴ! እዚያው ተንጠልጥላ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ መነጫነጭ ጀመረ።

የታችኛው በጀልባ ነው። ለሚሊዮን ሰው የሚተርፍ የመጠጥ ውሃ የሚወጣው ከዚሁ ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ዋሻው ተዘግቶ የጥይት መጋዘን ሆኖ ነበር፤ ለጎብኚ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። እነዚህን ነገሮች እያሰላሰልኩ ቦታዬን ስይዝ፣ አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ጎብኚ ሕፃን ልጇን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። አልጠየቀችኝም፣ አላስፈቀደችኝም። እጄም እንደ ለመደው ከአፌ ቀድሞ ተቀበለ። እሷ አንገቷን ቀና አድርጋ ጣሪያውን ስታደንቅ፣ ልጁ የብስኩት ፍርፋሪ እጁን የእሁድ ልብሴ ላይ ጠረገና እንቅልፉን ለጠጠ።

ስንወርድ ልጇን ተቀብላ በፈገግታ፣ «በወር ስንት ይከፍሉሻል? እህቴ ሠራተኛ ትፈልጋለች» አለችኝ።

እ.ኤ.አ. በ1873 ዳንኤል ብሊስ፣ ማክስዌልና ሃክስሊ ከሌላ ጓደኛቸው ጋር በዚሁ በታችኛው ዋሻ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ዘልቀው ነበር። ብሊስ የዛሬው የቤይሩት አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ መሥራች ፕሬዚዳንት ነው፤ ማክስዌልና ሃክስሊ መሐንዲሶች ናቸው። ስማቸውን አንድ የድንጋይ ምሰሶ ላይ ጻፉ። አልበቃ ብሏቸው በወረቀት ጽፈው ጠርሙስ ውስጥ ከተቱና ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። የኖራው ውሃ እየተንጠባጠበበት ጠርሙሱ ከድንጋዩ ጋር አንድ ሆኗል። ሰው ይህን ሲሰማ ጀግንነታቸውን ያደንቃል። እኔ በሙያዬ ምክንያት ቶሎ የመጣልኝ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ለመሆኑ ምሳቸውን ማን ቋጠረላቸው? ሲመለሱስ ያን ሁሉ የጨቀየ ልብስ ማን አጠበ? የእሷ ስም ጠርሙሱ ውስጥ ይኖር ይሆን?

ማታ አክስቴ ከወልዲያ ደወለች። ባሏ በጎረምሳነቱ ወርቅ ፍለጋ አዶላ ወርዶ ወባ ይዞ የተመለሰ ሰው ስለሆነ፣ ስለ መሬት ውስጥ ጉዳይ ጠንካራ አቋም አላት።

«ወርቅ አለው ዋሻው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ምን አለው?»

«ድንጋይና ውሃ።»

«መቼም ከፍለውሽ ነው የገባሽው።»

«ኧረ እኔ ከፍዬ ነው፣ አክስቴ።»

ትንሽ ዝም አለች። «እንግዲያው ጓደኞችሽን ሁሉ ይዘሽ ነይ» አለችኝ። «የእኛም ጓሮ ጉድጓድ ድንጋይም ውሃም አለው። ለአንቺ በግማሽ ዋጋ።»