ሬጅስተር ሞቷል ለማለት ለሚቸኩሉ የተሰጠ ምክር

ከእንግዲህ ዕድሜዎን በቁም ነገር ማሳለፍ ከፈለጉ የሊኑክስ ከርነልን የባይትኮድ ቬሪፋየር ይገምግሙ። ኮልፌ አጠና ተራ መኖርዎ አያግድዎትም፤ ላፕቶፕ ካለዎት ይበቃል፣ መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ወረቀትና እስክርቢቶ። ጎረቤት «ምን እየሠራህ ነው?» ካለዎት «ሥልጠና ላይ ነኝ» ይበሉ። ኮልፌ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደበት ሰፈር ነውና ማንም ዝርዝር አይጠይቅዎትም።

መጀመሪያ ምን እንደሚጠብቁ ይወቁ። ኢቢፒኤፍ ሰው የጻፈው ትንሽ ፕሮግራም ከርነሉ ውስጥ ገብቶ እንዲሠራ የሚፈቅድ ዘዴ ነው። ከመፈቀዱ በፊት ቬሪፋየሩ በፕሮግራሙ መንገዶች ሁሉ እየሄደ ያልተፈቀደ ሜሞሪ ይነካ እንደሆነ፣ ማለቂያ አጥቶ ይዞር እንደሆነ ይፈትሻል። ችግሩ መንገዶቹ በየመስቀለኛው መባዛታቸው ነው፤ 20 «ኢፍ» ቢደረደሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መንገድ ይወጣል። ቬሪፋየሩ ደግሞ ሙሉ ሥልጣን ላለው ተጠቃሚ እንኳ አንድ ሚሊዮን ትእዛዝ ከመረመረ በኋላ ይበቃኛል ይላል። ስለዚህ ያሳጥራል። «እዚህ ቦታ ቀደም ሲል በዚሁ ሁኔታ ደርሼ ነበር፣ ሰላም ነው» ብሎ ይመለሳል።

«በዚሁ ሁኔታ» ሲል ግን ምን ማለቱ ነው? ያኔ አር3 በተባለው ሬጅስተር (ፕሮግራሙ ዋጋ በሚይዝበት ቦታ) ውስጥ 5 ነበር፣ አሁን 7 ነው እንበል። ከዚህ በኋላ አር3ን የሚያነብ ከሌለ ልዩነቱ ማንን ገደደው! የሚነበብ ከሆነ ግን ሕያው ነው፣ መነጻጸርም አለበት። ቬሪፋየሩ ይህን የሚያውቀው እየሄደ ባደረገው ምልክት ነበር፤ ዙር ሲያጋጥመው ግን ምልክቱ ሳይሟላ ማነጻጸሩ ይደርስበታል። እ.ኤ.አ. በ2025 ኤዱዋርድ ዚንገርማን የኮምፓይለር ሰዎች ከድሮ ጀምሮ የሚጠቀሙበትን ስሌት ለሬጅስተሮች አስገባ፦ ከትእዛዙ በኋላ ሕያው ከሆኑት ላይ ትእዛዙ የሚጽፍባቸውን ይቀንሳሉ፣ የሚያነባቸውን ይጨምራሉ፤ ምንም የሚለወጥ እስኪጠፋ ይህንኑ ይደጋግማሉ። ሬጅስተሮቹ 11 ብቻ ናቸው፣ የሕያዋኑም ስብስብ ከድግግሞሽ ወደ ድግግሞሽ ያድጋል እንጂ አይቀንስም፤ ስለዚህ አያልቅም ብለው አይስጉ።

ቅደም ተከተሉን ግን አደራ። «አር1 ላይ 1 ደምር» የሚለው ትእዛዝ አር1ን ያነባልም ይጽፍበታልም። አስቀድመው ጨምረው ኋላ ከቀነሱ አር1ን ከነነፍሱ ቀበሩት።

የመቅበር ነገር ከተነሣ፣ ይህን ሥራ በእድር ጸሐፊ ልብ ይሥሩት። የሞተን እድርተኛ ስም ሳይሰርዝ የቀረ ጸሐፊ ቢበዛ በስም ጥሪ ላይ ትንሽ ጊዜ ያባክናል። በሕይወት ያለውን የሰረዘ ግን ወዮለት፤ ሰውየው ሐዘን የገባው ቀን ድንኳንም ወንበርም አይመጣለትም። እዚህም እንደዚያው ነው። ሙቱን ሕያው ካሉት ቬሪፋየሩ በከንቱ ይደክማል፤ ሕያውን ሙት ካሉት መታየት የነበረበት መንገድ ሳይታይ ይታለፋል፣ አደገኛው ፕሮግራምም ተመርቆ ይገባል። ከተጠራጠሩ ሕያው ነው ይበሉ፣ በሰላምም ይደሩ።

ስለዚህ ፓች (የኮድ ማሻሻያ) ሲደርስዎ የኮዱን ማማር አያድንቁ። (ስለ ባዶ ቦታና ስለ መስመር ርዝመት አንድ አስተያየት መጣል ይፈቀዳል፤ ማንበብዎን ያሳያል።) በቀጥታ እያንዳንዱ ትእዛዝ የሚያነበው ወደተዘረዘረበት ይሂዱ፣ በተለይም ተደብቀው የሚያነቡትን ያድኑ። «ውጣ» የሚለው ትእዛዝ ምንም ሬጅስተር አይጠራም፣ ነገር ግን አር0ን ለጠሪው ይዞ ይወጣል። አወዳድሮ የሚለዋውጠው አቶሚክ ትእዛዝ የማነጻጸሪያውን ዋጋ ከአር0 ይወስዳል፤ ስሙ ግን ትእዛዙ ላይ የለም። የድሮዎቹ ፓኬት ማንበቢያ ትእዛዞች አር6ን በዝምታ ይጠቀማሉ። ፈንክሽን ሲጠራ አርጉመንቶቹ ከአር1 እስከ አር5 ይነበባሉ፣ ሲመለስ ደግሞ ከአር0 እስከ አር5 የነበረው ሁሉ የጠፋ ነው።

መጻፍ ላይ ደግሞ በተቃራኒው ቆጣቢ ይሁኑ፤ ያልተጻፈውን ተጽፏል ማለት ያው መቅበር ነው። ባለ 32 ቢት ጽሑፍ የላይኛውን ግማሽ ዜሮ ስለሚያደርገው መላውን ሬጅስተር እንደተካ ይቁጠሩት። ስታክ ላይ የተጻፈ አንድ ባይት ግን ስምንት ባይቱን ቦታ አልተካም።

ፓቹ ያንን የተደበቀ የአር0 ንባብ ዘልሎት ሳለ የላከው ሰው «ይህ የሚጎዳው ፕሮግራም በተግባር አይገኝም» ብሎ ከተከራከረዎት አይቆጡ። ቡናዎን ፉት ይበሉና፣ አር0 በሁለት መንገድ ሁለት የተለያየ ዋጋ ይዞ እዚያ አወዳድሮ ለዋጭ አቶሚክ ትእዛዝ ላይ የሚደርስበት አጭር ፕሮግራም ጽፈው ይላኩለት። ፈተናዎቹ ውስጥ እስኪጨምረው ድረስም ፊርማዎን ይንፈጉት።