የፓርላማው ኢቃማ

ጅዳ ውስጥ ያረጀ ሐበሻ ሁለት ነገር ያቃጥለዋል፤ የሕንፃው ሊፍትና የአገሩ ፓርላማ። ሊፍቱስ አንዳንድ ቀን ይሠራል።

ልጆቹ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ይውላሉ፤ እኔ ዲሹን ወደ አገር ቤት አዙሬ የምክር ቤት ስብሰባ አያለሁ። «አባባ፣ ምን ያደርግልዎታል? ከዚህ ሆነው አይመርጡ!» ይሉኛል። ባልመርጥስ? አገሬ አይደለም? በ2008 ያወጡት አዋጅ ቁጥር 923 ለቤት ሠራተኝነት ወደዚህ የምትመጣን ልጅ 8ኛ ክፍል ጨርሺ አላላትም? ሰሐን ለማጠብ 8ኛ ክፍል ተጠየቀ፤ ሕግ ለማውጣት የሚወዳደረውን ግን የምርጫ ሕጉ ስንተኛ ክፍል ነህ አይለውም። ታዲያ እኔ ያልተከታተልኩ ማን ይከታተል?

ግንቦት 2007 የተመረጠውን ቤት ልንገራችሁ። 547 ወንበር ነበረ፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወሰዱ። በፊተኛው ዘመን ከተቃዋሚ ወገን አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻቸውን ነበሩ፤ እሳቸውም ቀሩ። ወላሂ፣ ሁሉም ያንድ ቤት ሰው ከሆነ፣ አንዴ ስማቸውን ያጠና ሽማግሌ አምስት ዓመት ማረፍ ነበረበት። ማን ሊያሳርፈኝ!

አፈ ጉባኤው አባዱላ ገመዳ ናቸው ብዬ ያዝኩ። በ2010 መባቻ «መልቀቂያ አስገብቻለሁ» አሉ። ባብ ሸሪፍ ገበያ ወርጄ ለወዳጆቼ ሰውየው ሄዱ ብዬ አወራሁ፤ ቆይቼ ቴሌቪዥን ስከፍት መዶሻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። የካቲት 8 ቀን ኃይለማርያም ደሳለኝ መልቀቂያ አስገቡ። መጋቢት 24 ቀን ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሚያዝያ ላይ አባዱላ የእውነት ተነሡና ሙፈሪያት ካሚል ተተኩ፤ ለዚያ ወንበር የመጀመሪያዋ ሴት ናቸውና ደስ አለኝ። ደስታዬን ሳልጨርስ ጥቅምት 2011 ላይ የሰላም ሚኒስትር ሆነው ሄዱ፤ ታገሠ ጫፎ ገቡ። በዚያው ወር ፕሬዚዳንቱም ሙላቱ ተሾመ ወጡና ሳህለወርቅ ዘውዴ መጡ። የኔ ዕድሜ ሰው ይህን ሁሉ በየት ጭንቅላቱ ይያዝ?

ቆጠራውማ አይነሣ። የካቲት 23 ቀን 2010 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ቀረበ። ያኔ አባላቱ 539 ነበሩ፤ ለማጽደቅ የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛው 360 መሆኑ ነው። መጀመሪያ 346 ደገፉ ተባለ። ሪሞቱን ጥዬ «ወደቀ!» አልኩ። ኋላ «395 ነው» ብለው አረሙት። 49 እጅ ሲወጣ ያላየ፣ ሲቆጠር በምን አየው? 88 ሰው ተቃወመ መባሉን ግን ወደድኩት፤ መቶ በመቶ ከተመረጠ ቤት 88 እምቢተኛ መገኘቱ የአላህ ሥራ ነው።

እዚህ አገር ቢያንስ ነገሩ ግልጽ ነው። የሱዑዲ የሹራ ምክር ቤት የተጀመረው እዚሁ መካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1927፣ በስምንት ሰው። ዛሬ ሪያድ ገብቶ 150 ሆኗል። ለአራት ዓመት ንጉሡ ይሾማል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ሠላሳ ሴቶች አስገባ። «ሕዝብ መርጦኝ ነው» ብሎ የሚያደርቀን የለም። የኛው ሕገ መንግሥት ግን አባሉ የመራጩን አመኔታ ካጣ ወንበሩን ያጣል ይላል። እሰየው! ግን ያን ሁሉ ሹም ሽር ሳይ፣ የወሎን ገበሬ «አባቴ፣ ምን ትላለህ?» ያለው ሰው አልገጠመኝም።

ጭራሽ በ2012 የፓርቲያቸው ስምም ተቀየረ። አብዛኞቹ ኢሕአዴግ ሆነው ተመርጠው ብልጽግና ሆነው ተቀመጡ። ቀጥሎ ዘመናቸው ሊያልቅ ሲል ኮሮና መጣ፤ ምርጫው ቀረ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ኬሪያ ኢብራሂም ሰኔ 1 ቀን ለቀቁ፤ ሰኔ 3 ቀን ያው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ114 ድምፅ ዘመናቸውን አራዘመላቸው። የአምስት ዓመቱ ቤት ስድስት ዓመት ተቀምጦ፣ አዲሱ የገባው መስከረም 24 ቀን 2014 ነው።

ኮሮናውን አልክድም፤ የመካው ሐረም ሲዘጋ ያለቀስኩ ሰው ነኝ። ሱዑዲም ያኔ ለአንዳንዱ ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢቃማውን፣ ሦስት ወር ያለ ክፍያ አራዝማለታለች። እኛ ሦስት ወሯን እንደ ምሕረት ቆጠርናት፤ የፓርላማዎቹ ሰዎች የተራዘመላቸውን ዓመት እንደ ደመወዝ ጭማሪ ዋጡት። በደኅናው ጊዜ የኛ ኢቃማ ቀኑ ሲያልፍ መጀመሪያ 500 ሪያል ነው፤ ሲደገም 1000፤ ሦስተኛው ወደ አገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ደግሞ ለሚስትና ለልጅ በነፍስ ወከፍ በወር 100፣ በዓመቱ 200፣ ከዚያ 300፣ ከዚያ 400 እያሉ አስከፈሉን።

ሙግቴ አጭር ነው። እዚህ ኢቃማችንን የያዘውን አሠሪ «ከፊል» እንለዋለን፤ የፓርላማ ሰው ከፊሉ መራጩ ነው። ከፊሉን ሳያስፈቅድ ሥራ ለወጠ፣ ስም ለወጠ፣ ኢቃማውን በገዛ ወገኖቹ እጅ አሳደሰ። እዚህ ጅዳ እንዲህ ያደረገ ሐበሻ ሸሜሲ እስር ቤት ነው የሚያድረው፤ እዚያ ግን «ክቡር» ይባላል።