ሐሳብ በኪሎ

የሥነ ጥበብ ተማሪ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሸራውን ወጥሮ፣ ማኪያቶውን አዞ፣ «ገና አልመጣልኝም» እያለ ሐሳብ ይጠብቃል። ሁለተኛው እቤት ከገባ የተሰበረ ሬዲዮ አይተርፍም፤ ከኮት ላይ ቁልፍ በጠፋ ቁጥር ቤተሰቡ እሱን ነው የሚያየው። ለመጀመሪያው ክብር፣ ለሁለተኛው ጥርጣሬ መስጠት ለምደናል። እኔ ግን ከተጠርጣሪው ጎን ነኝ፤ ሐሳብ እጅን ቀድሞ አይመጣም፣ የሚመጣው ከቁሱ ጋር በሚደረግ ትግል መሀል ነው።

የጥንቶቹን ጸሐፊዎች እንይ። ብራና ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ደርቆም ቢሆን የጠጉሩና የሥጋው ወገን አንድ አይሆንም፤ ብዕሩ ሁለቱንም እንደ አመላቸው መያዝ አለበት። ጥላሸቱና የተቆላው እህል ተዋህዶ ጥቁር ቀለም እስኪሆን ደግሞ ወራት ይፈጃል። ጸሐፊው የሚጠብቀው እንግዲህ ቀለሙ እስኪበስል እንጂ መንፈስ እስኪወርድለት አልነበረም። እስክንድር ቦጎስያንም ዘመናዊ ሠዓሊ ሆኖ ሳለ ወደ ፍየል ቆዳና ወደ ዛፍ ልጥ የተመለሰው በከንቱ አይደለም።

«ከተጣለ ዕቃ ጥበብ መሥራት የችግር ብልሃት ነው፤ ቀለም ቢረክስ ማን ሽቦ ይገምዳል?» የሚል አይጠፋም። ቀለም መወደዱን አልክድም። ነገር ግን ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ሥራዎቹ በውጭ አገር ሙዚየሞች ከታዩ በኋላም የኮምፒውተር ሰሌዳና ሽቦ አልተወም፤ የቀለም መግዣ አጥቶ ነው ማለት ያስቸግራል። ሥራውን ቀርቦ ያየ ሰው ቀጫጭን ሽቦዎች ተጎንጉነው፣ ጎን ለጎን በእንጨት ላይ ተቸንክረው ያገኛል። ቀዩም አረንጓዴውም ፋብሪካው የሰጠው ነው። ራቅ ሲል ያው ነገር ከአውሮፕላን የታየ ከተማ ይመስላል። እንዲህ ያለውን መልክ ማኪያቶ ላይ ተቀምጦ ማን ያልመዋል?

«ታዲያ ቆሻሻ ሁሉ ጥበብ ነው?» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ አይደለም። ሽቦ የቸነከረ ሁሉ ሠዓሊ ቢሆን የመብራት ሠራተኞች ኤግዚቢሽን በየመንገዱ ባየን ነበር። ኤልያስ በ1982 ዓ.ም. ከአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀ ነው፤ የሚቸነክረው እጅ መጀመሪያ መሳል የተማረ እጅ ነው። ስለዚህ ተማሪው የንድፍ ክፍሉን አይዝለል፤ ከክፍል ሲወጣ ግን ካፌውን አልፎ መርካቶ፣ አሮጌ ዕቃ ወደሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ይውረድ። እዚያ ሐሳብ በኪሎ ይመዘናል፤ ተከራክሮ ማስቀነስም ይቻላል።