ሹመት በዲኤስቲቪ ቤት

እ.ኤ.አ. በ2018 ሊቨርፑል ቶማስ ግሮኔማርክ የተባለ ዴንማርካዊ ለእጅ ውርወራ ብቻ ሲቀጥር ሳቁ ብዙ ነበር። በ2021 አርሰናል ኒኮላ ጆቨርን ለቆመ ኳስ ሲያመጣ ሳቁ ቀነሰ፤ በየዲኤስቲቪ ቤቱ የሥራ ድርሻ ክርክር ተተካ። የቀበሌ ስብሰባ እንኳ እንዲህ አይንዛዛም። ከኮርነር ጎል ሲቆጠር ምስጋናው ለጆቨር፣ ሲቆጠርብን ጥፋቱ የዋና አሰልጣኙ የአርቴታ።

«ረዳቱማ ምን ያድርግ፣ ዋናው አይሰማውም እኮ!» ይላል አንዱ፣ ልምምድ ሜዳው ላይ ኮን ሲደረድር የዋለ ይመስል። ሌላው ማኪያቶውን ፉት እያለ ማጥቃቱን ለአንዱ፣ መከላከሉን ለሌላው ያድላል። የበረኛ አሰልጣኙን ማንም አያነሳም፤ ኳስ በበረኛው እግር መሀል እስክታልፍ ድረስ። የቤቲንግ ትኬቱ የተቃጠለበት ግን ድርሻ አይለይም፤ ሁሉም ይባረሩ ባይ ነው።