ባለ 12 እግሯ ዶሮ፦ በስደት ስለሚከበር ገና የተደረገ መጠነኛ ጥናት

ዶሮ ሁለት እግር እንዳላት የሚጠራጠር የለም። ይህ ጥናትም ለመቃወም የተነሣ አይደለም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ፣ በ2018 ዓ.ም. የገና ዕለት፣ አንድ ድስት ውስጥ 12 እግር ተቆጥሮ መገኘቱን መዝግቦ ለማለፍ ብቻ ነው። «የገና ዕለት» ያልነው ቅዳሜ ጥር 2 ቀን ነው። ይህም ማብራሪያ ሳያስፈልገው አይቀርም።

ውጭ አገር የሚኖር ሐበሻ በዓመት ሦስት ገና አለው። አንደኛው የፈረንጁ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ይውላል፤ ያኔ ጾም ነው። የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ስለሆነ፣ ዘንድሮ የአሜሪካኖቹ የምስጋና ቀን እንኳ የዋለው ጾሙ በገባ በአራተኛው ቀን ነበር። በመሥሪያ ቤት ግብዣ ላይ በተርኪና በቺዝ ተከቦ ሰላጣ ብቻ የሚያላምጥ ሐበሻ «ቬጀቴሪያን ነህ እንዴ?» መባሉ አይቀርም። ስለ ነቢያት ከማስረዳት «አዎ» ማለት ይቀላል። ያው ሰው በጥር ወር የበሬ ሥጋ ሳንድዊች ሲገምጥ የታየ እንደሆነ በባልደረቦቹ ዘንድ የሚፈጠረው ግራ መጋባት ራሱን የቻለ ጥናት ይሻል።

ሁለተኛው ታኅሣሥ 29 ነው፤ ዋናው። ከፈረንጁ 13 ቀን ዘግይቶ መዋሉ፣ በ1582 እ.ኤ.አ. የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ ካሌንደሩን ሲያስተካክሉ እኛ ካለመከተላችን የመጣ ነው። ባለመከተላችን ያተረፍነው ደግሞ ቀላል አይደለም። መብራቱም፣ ጌጣጌጡም፣ የስጦታ መጠቅለያውም ከፈረንጁ ገና ማግስት ጀምሮ ዋጋው ይወርዳል። ዛፉማ ነጻ ነው፤ መንገድ ዳር ተጥሎ ይገኛል። (አንዳንዱ ላይ ኮከቡ ሳይወርድ ይቀራል። እሱን እንደ ምርቃት እንወስደዋለን።)

እንቅፋቱ ሥራ ነው። ታኅሣሥ 16 ቀን ሐበሻው የፈረንጁን ሺፍት ይሸፍናል፤ የእኛዎቹ አሠሪዎች ለዚያ ቀን አንድ ተኩል ይከፍላሉ። በለውጡ ታኅሣሥ 29 ኦፍ ይለምናል። ውሉ የቃል ስለሆነ የሚያስታውሰው ሐበሻው ብቻ ነው። ዘንድሮ በዓሉ ረቡዕ ዋለ፤ ከስምንት ጓደኛሞች ኦፍ ያገኘነው ሁለት ነን። ኡበር የሚነዳው ጓደኛችን የራሱ አለቃ በመሆኑ በፈለገው ቀን መቅረት ይችላል፤ ስለዚህ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። ዓርብ እንዳናደርገው ጾም ነው። ሦስተኛው ገና፣ ማለትም የቅዳሜው፣ የተወለደው እንዲህ ነው።

ወደ ዶሮዋ እንመለስ። አገር ቤት ዶሮ የምትገነጠለው በ12 ብልት ነው፤ ብልቱ ሁሉ ስም አለው፤ ባለቤት ያለውም አለ። ፈረሰኛው ለምሳሌ የአባወራው ነው። የሱፐርማርኬት ዶሮ ግን እግሯ ከሌሎች እግሮች፣ ክንፏም ከሌሎች ክንፎች ጋር በየዓይነቱ ታሽጎ ነው የሚሸጠው። ግዢ የወጣው ጓደኛችን ሒሳብ ሠራ። የሚያስፈልገው 12 ብልት ነው፤ ርካሹ እግር ነው፤ 12 እግር ገዝቶ መጣ። በቁጥር ረገድ ሥርዓቱ አልተጓደለም። ስምንት ሰው 12 እግር ሲካፈል ለሰው አንድ ተኩል ይደርሳል። ከታኅሣሥ 16ቱ ክፍያ ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ይሁን አይሁን ገና አልተጣራም።

መዘዙ የመጣው ዘግይቶ ነው። ፈረሰኛ ከሌለ አባወራ የለም። ድፎው ነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጦ ቆራጭ አጣ። «አንተ ባርክ»፣ «ኧረ በገብርኤል፣ አንተ እያለህ!»፣ «እሷ ትባርክ፣ ቤቱ የእሷ ነው»። ታላቅ ይባርክ ተብሎ ዕድሜ ሲጠየቅ ሁሉም ቀነሰ። አጥኚው ራሱ አራት ዓመት ቀንሷል።

የሥራ ክፍፍሉም ተናግቷል። አገር ቤት በዓል ሲደርስ የወንዱ ድርሻ ዶሮ ማረድ ነው። እዚህ ታርዳ፣ ተገነጣጥላ፣ ቀዝቅዛ ስለምትመጣ ድርሻው ወደ ጢስ አላርሙ ተዛውሯል። ቁሌቱ ላይ በርበሬው ሲጨመር አላርሙ ይጮኻል፤ አንዱ መስኮት ይከፍታል፣ አንዱ ፎጣ ያራግባል፣ ከመካከላቸው ትንሹ ወንበር ላይ ወጥቶ ባትሪውን ይነቅላል። ልጁ ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ወጥቷል፤ አንዴ ለበርበሬው፣ አንዴ ዕጣኑ ሲጨስ። ሁለተኛው ላይ «እዚያው ብቆይ ይሻላል» ብሎ ከወንበሩ አልወረደም። የእግሩ ድርሻ እዚያው በጉርሻ ደርሶታል። ከሥሩ የተጎዘጎዘው ቄጤማ ፕላስቲክ በመሆኑ ወንበሩ ትንሽ ያንሸራትት ነበር።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የቤቱ ተከራይ እናት ከአዲስ አበባ ደወሉ። እሳቸው ዘንድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቅዳሴ ሊወጡ ነበር።

«ዶሮ ሠራችሁ?»

«ሠራን እማዬ።»

«ተባረኩ። ፈረሰኛውን ለማን ሰጣችሁ?»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ተቀባዩ ሁሉ «እንኳን አደረሰዎ እማማ» እያለ ለቀጣዩ ያቀብላል። ዞሮ ዞሮ ወንበሩ ላይ የቆመው ልጅ ጋ ደረሰ። በግራ እጁ ባትሪውን እንደያዘ፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና «እኔ ነኝ የበላሁት፣ እማማ» አለ።

«እሰይ፣ አባወራ ያድርግህ!» ሲሉ ሁላችንም ሰማን።