ለቤዝ ራክ ገዢ የተሰጠ ቅን ምክር

ከሁሉ አስቀድመህ ወገብህን አስመርምር። ሐኪሙ ደህና ነህ ካለህ ራክ፣ ማለትም የቤዝ ዕቃዎች ተደራርበው የሚታሰሩበትን ሣጥን፣ መግዛት ትችላለህ። ወርዱ 19 ኢንች፣ ክብደቱ የአንድ በግ ከነቆዳው ነው። ፓወር አምፑ ከባድ ስለሆነ ከታች እሰረው፤ ከላይ ያሰርከው እንደሆነ ሚኒባሱ ቀለበት መንገድ ላይ ሲታጠፍ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። አደራህን ግን፣ ዕቃው የታሰረበት ቅደም ተከተልና ድምፁ የሚሄድበት ለየቅል ናቸው። ድምፅ ደረጃ አይወርድም፤ በጀርባ፣ በገመድ ነው የሚዞረው።

መጀመሪያ ቲዩነር። ምንም ያልነካካው የጊታሩ ድምፅ ሲደርሰው አይሳሳትም ይባላል። እኔ የምወድለት ግን ድምፅ የሚዘጋውን ቁልፍ ነው፤ ሽማግሌው ሙሽሮቹን ሲመርቁ አንተ ክር ስትወጥር ማንም አይሰማህም።

ቀጥሎ ኮምፕረሰር። ይሄ የሰርግ ቤት አሳላፊ ነው፤ ከበዛበት ቀንሶ ላነሰው ያዳርሳል። ሪሊስ የሚለውን ቁልፍ አብዝተህ ካዘገየኸው ግን ችክችካው ሲፈጥን ይጠፋዋል። የአንዱን ኖታ ጉልበት ይዞ ሳይለቅ ሌላው ይደርስበታል፣ ድምፅህም ዳገት እንደወጣ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል።

ከዚያ ፕሪአምፑ፣ ከእሱም ኢኩዋላይዘሩ። እዚህ ላይ ብዙ ጎበዝ ወድቋል። ቤትህ ብቻህን ስትለማመድ ወፍራሙንና ቀጭኑን ከፍ፣ መሃሉን ዝቅ ታደርጋለህ፤ ድምፁ ያስለቅሳል። እሱን ይዘህ አዳራሽ ግባ። ኪቦርዲስቱ በግራ እጁ ያንተኑ ሥራ ሲሠራልህ አንተ የለህም። መሃሉን መልሰው፤ ከ500 እስከ 800 ኸርዝ ያለው ነው ለጆሮ «ቤዝ አለ» የሚለው። ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ 41 ኸርዝ ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን ከፍ ብታደርግ የሚያጨበጭብልህ የአዳራሹ መስኮት ብቻ ነው።

አሁን ራክህ ስለሚያሰማው እህህታ። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው። በዚያው ወፍራም ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ያለው ሶል 49 ነው። ስለዚህ ራክህ «እምምም» ሲል ያንተኑ ኖታ ነው የሚዘፍነው፣ ያውም ትንሽ ከፍ አድርጎ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አንዱን ዕቃ ከመድረኩ ግራ፣ ሌላውን ከቀኝ ሶኬት መሰካትህ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ማከፋፈያ ሰካው። ግራውንዱን ቆርጠው እህህታውን የሚያጠፉ ሊቃውንት አሉ። እህህታው በእርግጥ ይጠፋል፤ አልፎ አልፎ ቤዚስቱም አብሮ ይጠፋል።

ፓወር አምፕ እንደ ክብር እንግዳ ነው፤ ሲከፈት መጨረሻ፣ ሲዘጋ መጀመሪያ። ሁለት ባለ 8 ኦም ካቢኔት ጎን ለጎን ስትቀጥልለት 4 ኦም ይሆናል እንጂ 16 አይሆንም፤ ማሽኑ 4 ይችል እንደሆነ ጀርባውን አንብብ። ከእሱ ወደ ስፒከር የሚሄደው ገመድም የስፒከር ገመድ ይሁን። ጃኩ ስለሚመሳሰል ቀጭኑ የጊታር ገመድም ይገባለታል። እኔ አንድ ሰርግ ላይ አስገብቼለት ነበር። ሦስተኛው ዘፈን ላይ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ፤ ከወጥ ቤት መስሎኝ ጨዋታዬን ቀጠልኩ።

ይህን ሁሉ በሥርዓቱ ስትጨርስ ሳውንድ ማኑ ይመጣል። ሰላም አይልህም። ከጊታርህ የወጣውን ገመድ ነቅሎ መዳፍ በምታህል ዲአይ ሳጥን ላይ ይሰካና ድምፅህን ቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ይወስደዋል። ለራክህም የተረፈውን ያሻግርለታል። ከዚያ «ወንድም፣ መድረክ ላይ ያለውን ቀንስልኝ» ይላል። ቀንስለት። የራክህን መብራቶች ብቻ እንዳታጠፋ፤ ቪዲዮ አንሺው ይወዳቸዋል።